የናፍጣ መሳቢያ ፓምፕ አለዋወጥ በአሮጌ የጭነት መኪና ላይ



እህል የጫነ መኪና ከሚሌ ተነሥቶ ወደ ባቲ ዳገቱን ሲጀምር ጉልበት አጥቶ ቢቆም፣ ከወዲያ ማዶ እህሉን የሚጠብቁት ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መኪናው አለመምጣቱን። ለመቆሙ ምክንያት የሆነው ዕቃ ግን አንዳንድ ጊዜ በአንድ እጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ፓምፕ ነው። ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለዚሁ ፓምፕ ነው። የተጻፈውም ለፕሮጀክት ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን መለዋወጫ ገዝተው ለሚልኩ ምእመናንም ጭምር ነው፤ ስለ እነርሱ ድርሻ ወደ በኋላ እናነሣለን።

በናፍጣ ሞተር ላይ ሁለት ፓምፖች አሉ። ትልቁ በጋራዥ ፖምፓ የሚባለው ሲሆን፣ ናፍጣውን ከ150 ባር በሚበልጥ ግፊት ወደየኢንጀክተሩ ይልካል። የትንሹ ሥራ ናፍጣውን ከታንኩ ስቦ በፊልትሮው በኩል ለትልቁ ማቀበል ነው። እንደ መርሴዲስ 1113 ባሉት መኪናዎች ትንሹ ፓምፕ በትልቁ ጎን ላይ ተሰክቶ በፒስተን ይሠራል። በፐርኪንስ 6.354 ሞተር ላይ ግን በቀጥታ በሞተሩ አካል ጎን ይታሰራል። (ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ነው፤ ቁጥሩም 6 ሲሊንደርና 354 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው።) ከሞተሩ ውስጥ በካምሻፍቱ ላይ ያለው ጉብታ የፓምፑን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱም ዲያፍራም የሚባለውን ስስ ሽፋን ይስባል፤ ከዚያም ሞላው ሽፋኑን መልሶ ይገፋዋል። እኛ የምንማረው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ሲበላሽ መኪና ከማቆም የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ናፍጣውን ከሞተሩ ዘይት የሚለየው ያ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ናፍጣው ቁልቁል ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚውን አያድነውም፤ ብሮንዚው ሲበላ ኮሎውም ይከተላል፤ በአነስተኛ ዋጋ ሊለወጥ ይችል የነበረው ፓምፕ ሙሉ ሞተር ያስወርዳል። ከዚህም በላይ ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞላ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ መሮጥ ሊጀምር ይችላል፤ ያን ጊዜ ማጥፊያው ቢሳብም እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያውን የሚስብ ሾፌር የሚፈራው የዘይቱን መጉደል ብቻ መሆን የለበትም። ማንም ሳይጨምር ከፍ ያለ ዘይት ከጎደለው ይበልጥ ያሳስባል። አሽትቱት፤ አንድ ጠብታም በጋዜጣ ወረቀት ላይ አድርጉ። ናፍጣ ካለበት በጥቁሩ ጠብታ ዙሪያ ፈዛዛ የቅባት ክብ እየሰፋ ይሄዳል። ምልክቱ ከታየ ሞተሩን አታስነሡ። ናፍጣ በሌላም መንገድ፣ ለምሳሌ ከሚያፈስ የኢንጀክተር ቱቦ፣ ወደ ዘይቱ ሊገባ እንደሚችል ግን አትርሱ። አንዳንዱ ፓምፕ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ የሚንጠባጠብ ናፍጣ ሽፋኑ መቀደዱን ስለሚናገር ቀዳዳውን ማንም እንዳይደፍነው።

መኪናው ጉልበት አጣ ማለት ግን ፓምፑ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ደኅና ፓምፖች ያለ ጥፋታቸው ተጥለዋል። አስቀድማችሁ የታንኩን ክዳን ክፈቱ፤ አየር ሲገባ ድምፅ ከተሰማና መኪናው ከተሻለው፣ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል። ፊልትሮውንና በፓምፑ ራስ ላይ ያለውን ወንፊት እዩ። ከታንክ እስከ ፓምፕ ያለው ቱቦ ቀዳዳ ቢኖረው አየር ይስባል እንጂ ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ በዓይን ብቻ ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ከፓምፑ የሚወጣውን ቱቦ ፈትታችሁ ጫፉን በንጹሕ ጣሳ ውስጥ አድርጉ፤ ማጥፊያውን ስባችሁ በሞተሪኖ አዙሩ። ሞተሩ ሁለት ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ጠንካራ ፍንጥቅታ መምጣት አለበት። አረፋ ከመጣ ጥፋቱ የቱቦው ነው። ታንኩ ናፍጣ እያለው፣ ቱቦውም ጤነኛ ሆኖ ደካማ ጠብታ ብቻ ከመጣ፣ ፓምፑን ለውጡ።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ከጎማውም ሥር ድንጋይ አድርጉ። የፓምፑን ዙሪያ በናፍጣ እጠቡ፤ ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚወድቅ አሸዋ እንደ ሞረድ ነው። የመግቢያና የመውጫ ቱቦዎቹን ምልክት አድርጉባቸው፤ ስትፈቱም ቱቦው እንዳይጠማዘዝ በሁለት መፍቻ ያዙ። ታንኩ ከፓምፑ ከፍ ያለ ከሆነ ናፍጣው እንዳይፈስ ቱቦውን ድፈኑ። ቡሎኖቹን በየተራ ጥቂት በጥቂት አላሉ፤ ክንዱ በሞላው ኃይል ፓምፑን ወደ ውጭ ይገፋዋልና። ፓምፑ ሲወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ዝጉና አሮጌውን ጓርኒሲዮን ፋቁ። ጨርቁን ለማውጣት አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን።

አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጣችሁ አነጻጽሩ፤ ከሁሉ ይልቅ የክንዱን ርዝመትና አጎባበጥ። በአሮጌው ሥር ማራቂያ ከነበረ ውፍረቱ ያው ይሁን። አዲሱ ክንድ አሮጌው ባረፈበት የጉብታው ወገን ማረፍ አለበት። ፓምፑ በእጅ ሲገፋ ጥቂት ቢያንገራግር የሞላው ነገር ነው። አልገባም ካለ ግን በቡሎን ኃይል አትሳቡት፤ ክንዱ ይሰበራል። ከፊት ባለው ፑሌጃ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት፤ ካምሻፍቱ ግማሽ ዙር ስለሚዞር ጉብታው ዘወር ይላል። ቡሎኖቹንም በየተራ አጥብቁ። አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ካልተገኘ አሮጌውን በእሳት አቅልታችሁ ውኃ ውስጥ ብትነክሩት እንደገና ይለሰልሳል።

ቀጥሎ አየሩን ማውጣት ነው። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ቡሎን ፈትታችሁ የፓምፑን የእጅ ማንሻ ደጋግማችሁ ምቱ፤ ናፍጣው ያለ አረፋ ሲወጣ ዝጉት። በትልቁ ፖምፓ ላይም እንዲሁ አድርጉ። ማንሻው ምንም ሳይከብድ ልል ከሆነ አዲሱ ፓምፕ ተበላሽቷል አትበሉ፤ ጉብታው ክንዱን ስለያዘው ነው፤ ሞተሩን አንድ ዙር አዙራችሁ እንደገና ሞክሩ። አሁንም ካልተነሣ የኢንጀክተሮቹን ዳዶዎች አላልታችሁ በሞተሪኖ አዙሩ፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ አይበልጥ፣ በመካከሉም ይረፍ። ጥንቃቄ! በግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ሰውየው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ዘይቱ ናፍጣ ከነበረበት እርሱንና የዘይት ፊልትሮውን ከማስነሣታችሁ በፊት ለውጡ።

አሁን ወደ ምእመናን ድርሻ እንመለስ። መለዋወጫ እንድትልኩ ስትጠየቁ የመኪናውን ስም ብቻ ይዛችሁ ወደ ሱቅ አትሂዱ። በአሮጌ መኪናዎች ላይ ሞተር በሞተር ተተክቶ ይገኛል፤ ሁለት ፓምፖችም ከውጭ መንትያ መስለው ክንዳቸው ይለያያል። ስለዚህ በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና በአሮጌው ፓምፕ ላይ ያለውን ቁጥር ጠይቁ፤ ሠራተኞችም ሳትጠየቁ ጻፉላቸው። ከፓምፑ ጋር ጓርኒሲዮንና የመዳብ ሮንዴላ ይላክ። ሮንዴላ የጎደለው አዲስ ፓምፕ አየር እየሳበ መኪናውን እዚያው ዳገት ላይ ያቆመዋል።

ፓምፑ ከተለወጠ በኋላ ለአንድ ሳምንት የዘይቱ ከፍታ በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በመኪናው መዝገብ ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፍ።