ዓይንህ እስኪለምንህ አትጠብቅ

ስማኝ ወንድሜ። አይሱዙውን ከተረከብክ ወዲህ ሁሉም ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማና ስለ ጊቤ ቁልቁለት ይመክርሃል። ደግ አደረጉ፤ የአንዳቸውንም ቃል አትናቅ። እኔ የምነግርህ ግን ሰው እንደ ቀላል የሚያልፈውን ነው፤ ሲመሽ መብራት ማብራትን። "ይሄም ምክር ሆኖ!" እንዳትለኝ። ከጅማ አጋሮ፣ ከጅማ ሰቃ፣ ከሊሙ ገነት ጅማ በማታ ስጓዝ ጋቢና ተቀምጬ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቅልም፤ መብራት ሳያበራ ከጨለማው ውስጥ ድንገት ብቅ የሚል መኪና ሳላይ የምገባበት ማታ ጥቂት ነው። ነጂዎቹ ሁሉ ሰካራም ወይም ግዴለሽ ቢሆኑ ኖሮ ላንተ አልሰጋም ነበር። ብዙዎቹ ግን እንዳንተው ጨዋና ጠንቃቃ ናቸው። ረስተውት ነው። ጠንቃቃ ሰው ይህን እንዴት እንደሚረሳ ነው ላስረዳህ የፈለግሁት።

መጀመሪያ ምሽታችንን እወቀው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው፤ ከዚያ ድፍን ጨለማ። በሐምሌ ጅማ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። በኅዳር መጀመሪያ ግን 12 ሰዓት ካለፈ አሥር ደቂቃ ገደማ ቆይታ ትሄዳለች። ኅዳር ደግሞ በእኛ አገር ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ዓመቱን ሙሉ ጭር ብሎ የሚከርመው የጎማ፣ የማና፣ የጌራና የሊሙ ቆሳ የገጠር መንገድ በመኪና የሚሞላበት የቡና ወቅት፣ ፀሐይ ቶሎ ከምትሸሽበት ወር ጋር አንድ ላይ ይገጥማል።

ሥራው ራሱም ወደ ጨለማ ይገፋሃል። እሸት ቡና አያድርም። ቀን የተለቀመው በዚያው ዕለት ማጠቢያ ጣቢያ ደርሶ ካልተፈለፈለ ከነገለባው መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ለቃሚው ብርሃን እስካለ ድረስ ይለቅማል፣ ሰብሳቢው አመሻሽ ላይ ይመዝናል፣ ያንተ መኪና ተጭና የምትነሳው ልክ ድንግዝግዙ ላይ ነው። በዚያችው ሰዓት የለቀሙት ሰዎች በዚያው መንገድ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እናት ልጅ አዝላ፣ ልጁ ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አህያው በጭነቱ ሥር፣ ጋሪው ከነፈረሱ። አንዳቸውም መብራት የላቸውም። ከዚያ ሁሉ ተጓዥ መካከል መብራት የተገጠመለት ያንተ መኪና ብቻ ነው፤ ከጠፋ ማንም ለማንም አይታይም።

አሁን ወደ መርሳቱ ልምጣ። ዓይን ጨለማን ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ብርሃኑ እየቀነሰ ሲሄድ የዓይንህ ብሌን እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ላንተ መንገዱ ገና ደህና ይታይሃል። "አሁንስ አብራ" የሚል ደወል አይደወልልህም። ከማዶ የሚመጣው ሾፌር ግን የራሱ መብራት በርቶ፣ ዓይኑ የራሱን ብርሃን ለምዶ ነው የሚመጣው፤ ከብርሃኑ ውጭ ያለው ሁሉ ለእሱ ጥቁር ነው። አንተ እሱን ከሩቅ ታየዋለህ፣ እሱ አንተን አያይህም። ይህን ልዩነት ልብ በል። አንተ ስላየህ ብቻ የታየህ ይመስልሃል።

ከተማ ደግሞ ያዘናጋል። ከመናኸሪያ ተነስተህ በመርካቶ በኩል ስትወጣ የሱቁ አምፖል፣ የካፌው መብራት፣ በኮሪደር ልማቱ የተተከለው አዲሱ የመንገድ መብራት ሁሉንም ቀን ያስመስለዋል። መብራትህ ይብራ አይብራ አይታወቅህም። የመጨረሻውን ምሰሶ አልፈህ ስትወጣም፣ ከፊትህ ሌላ መኪና ካለ በእሱ ብርሃን ተከትለህ ትነዳለህ። እሱ ሲታጠፍ ነው ጨለማው የሚገለጥልህ። ያን ጊዜ መሪህን ይዘህ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሆንክ፣ በየሰከንዱ 17 ሜትር ያህል እየተምዘገዘግክ ነው። ማብሪያውን እስክትፈልግ ስንት ሰው አልፈሃል?

የማብሪያው ነገርም አለ። የአይሱዙህን ማብሪያ አንዴ ስታዞረው ትንሿ መብራት፣ ፓርኪንጉ፣ ትበራለች፤ ዳሽቦርዱም አብሮ ይበራል። የፍጥነት መለኪያህ ቦግ ሲል እጅህ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። የፊት መብራቱ ግን የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ያለ ትልቁ መብራት በፓርኪንግ ብቻ ሲሄዱ ከማያቸው መካከል ብዙዎቹ እዚህች ላይ የተሳሳቱ ይመስለኛል።

በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ ደግሞ ብሷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው እየበዛ ነው። ብዙዎቹ ሲነሱ ከፊት ቀጭን የቀን መብራት በራሱ ይበራል፣ ስክሪናቸውም ቀን ከሌሊት እንደበራ ነው። ሹፌሩ ከፊቱ ብርሃን ያያል፣ ስክሪኑን ያያል፣ "በርቷል" ብሎ ይሄዳል። ከኋላ ግን በብዙዎቹ ላይ አንዲትም ቀይ መብራት የለም። ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ካናዳ ነገሩ ስላስቸገራት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኪናዎች ወይ መብራታቸው በራሱ እንዲበራ፣ ወይ የኋላው ከቀን መብራቱ ጋር አብሮ እንዲበራ፣ ወይ ሹፌሩ እንዲነቃ ዳሽቦርዳቸው ጨለማ ሆኖ እንዲቆይ አስገድዳለች። ማብሪያው ላይ "አውቶ" የሚል ያለው መኪና ከያዝክ እዚያው ላይ ተወውና አትንካው። አንተ በያዝከው ላይ ግን አውቶ የሚባል ነገር የለም፤ እጅህ ነው አውቶው።

ስለዚህ ልማድህን ከዓይንህ ጋር አትሰረው፤ ከሰዓትና ከሥራ ጋር እሰረው። ጭነቱ አልቆ ረዳትህ ገመዱን ሲቋጥር መብራቱ ይብራ። ባዶውን ስትመለስ ደግሞ 11 ሰዓት ሲል፣ ፀሐይ ግንባርህን እየመታችህ ቢሆንም፣ አብራው። ሰማዩን አትየው፣ አትመርምር። በሸቤ በኩል በለጠ በሚባለው ደን ውስጥ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱንም አትጠብቅ፤ የዛፉ ጥላ ገና በ10 ሰዓት መንገዱን ያጠቁረዋል። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጀምርም እንደዚያው። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ቀንም ሌሊትም መብራት አብርተው እንዲነዱ በሕግ ተገድደዋል፤ መንገዳቸውን ለማየት ሳይሆን እንዲታዩ ነው።

መታየት ያልኩህን በሰቃ መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። ከሰቃ ጨቆርሳ ወደ ጅማ በማምሻ ስትመጣ ፀሐይ ከጀርባህ ናት፤ አስፋልቱ ወርቅ መስሎ ፍንትው ብሎ ይታይሃል። መብራት ትዝ የሚልህ አይመስለኝም። ከጅማ ወደ ሰቃ የሚሄደው ግን ፀሐይዋ በቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ናት፤ አንተ የምትመጣው ከዚያ ነጸብራቅ ውስጥ ነው፣ ፊት ለፊቱ ያለው ገጽህ ጥላ ነው። እዚያ ላይ ሁለት የበሩ መብራቶች ካላየ አንድም ነገር አያይም። ደርቦ ለማለፍ ቢወጣ ልትወቅሰው ትችላለህ?

ጓደኞችህ "መብራት ባትሪ ይጨርሳል፣ ነዳጅ ይበላል" ይሉሃል። የባጃጅ ልጆችማ ይህን እንደ ሃይማኖት ነው የያዙት። ሞተሩ እየሠራ እያለ መብራቱን የሚመግበው ዲናሞው ነው፣ ባትሪው አይደለም። ያንተ አይነቱ ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ የሚገጠም አምፖል 70 ዋት ገደማ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ቡና ጭኖ ዳገት ከሚወጣ ሞተር ጉልበት አጠገብ ከቁጥር አይገቡም። ባትሪው የሚያልቀው ሞተር አጥፍተህ መብራት ስትረሳ ነው። እሱን ለመከላከል ማታ የምታቆምበትን ቦታ ስትደርስ ዞረህ መኪናውን የማየት ልማድ ይኑርህ፤ መብራት በመቆጠብ አይደለም።

ለመንገዱ ቋንቋም ጥንቃቄ አድርግ። ቀን መብራት አብርተህ ብትሄድ በየመንደሩ ሰው እጁን እየከፈተና እየጨበጠ "በርቶብሃል" ይልሃል፤ ልጆች ሳይቀሩ ይጮኻሉ። ማታ ጠፍቶ ብትሄድ ግን የሚነግርህ የለም። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ብልጭ ቢያደርግልህም አንተ የምታስበው "ትራፊክ አለ" እንዳለህ ነው። ቀበቶህን ታስተካክላለህ፣ ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ መብራትህን ግን አታየውም። ከዛሬ ጀምሮ ከመሸ በኋላ ማንም ብልጭ ቢያደርግልህ መጀመሪያ የራስህን መብራት ተመልከት፤ ትራፊኩን በኋላ ታስበዋለህ። አንተም የጠፋበት ሲገጥምህ ረጅሙን መብራት ዓይኑ ላይ አትልቀቅበት፤ ታሳውረዋለህ፣ ይቆጣልም። ፍጥነትህን ቀንሰህ ክላክስ አድርግለትና ረዳትህ በመስኮት "መብራት! መብራት!" ይበለው።

ተሳፋሪ ስትሆንም ዝም አትበል። በሚኒባስ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው ተቀምጦ፣ ሁሉም ጨለማው እየታየው፣ ሾፌሩን ላለማስቀየም አፉን ይዞ ሲሄድ አንጀቴ ይቃጠላል። "ሾፌር፣ መብራትህን" ማለት ስድብ አይደለም። ላንተም ሲሉህ አትኮሳተር። አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ብትነግርህ "እሺ እማማ፣ ተባረኪ" በላትና አብራ።

"እትዬ፣ አበዛሽው" ትለኝ ይሆናል። ትንሽ ታገሰኝ፤ በጣም የሚያስፈራኝ ገና ነው። መብራት አለኝ ብሎ የሌለው ሰው አለ። አንዱ አምፖል ተቃጥሎ በአንድ ዓይን የሚሄድ መኪና ከሩቅ ሞተር ሳይክል ይመስላል። በተለይ የተቃጠለው የግራው ከሆነ ከባድ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ በርቶ የቀረው የቀኙ መብራት የመንገዱ ዳር ላይ ነው፤ ከማዶ የሚመጣው "ሞተር ነች፣ ዳሯን ይዛለች" ብሎ መሃሉን ይገባበታል። መሃሉ ላይ ያለኸው ደግሞ አንተው ነህ፣ የተጫነች አይሱዙ። ስለዚህ የግራ አምፖል ሲቃጠል "ነገ እቀይረዋለሁ" አይባልም፤ በዚያች ማታ አይሄድም። መለዋወጫ አምፖል ኪስህ ውስጥ ይኑር። ስትገጥመው መስታወቱን በጣትህ አትንካው፣ የእጅ ቅባት ሲግል ያፈነዳዋል፤ በንጹሕ ጨርቅ ይዘህ ግጠመው።

ጭቃውስ? ከጌራ ወይም ከሊሙ ገጠር ወጥተህ አስፋልት ስትይዝ የፊቱም የኋላውም መብራት በቀይ አፈር ተለብጦ ነው የምትወጣው። በርቷል፣ ግን አይታይም። አስፋልቱን ከመያዝህ በፊት ቆመህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ጆንያውም ከኋላ ተንጠልጥሎ የኋላ መብራቱን እንዳይሸፍን።

ብልሽት ገጥሞህ መንገድ ላይ ከቆምክ ደግሞ፣ እባክህ፣ ቅጠልና ድንጋይ አስፋልት ላይ ደርድረህ እንዳትተኛ። ቅጠል ብርሃን አያንጸባርቅም፤ ድንጋዩንም ሰው ረስቶት ይሄድና ሌላ መኪና ይገለብጣል። ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ግዛ፣ ወንበርህ ሥር አስቀምጠው፤ ስትቆም ከመኪናው ራቅ አድርገህ ከኋላ ትከል። በተቻለህ መጠን መኪናውን ከአስፋልቱ አውጣው። ሁለቱም ፍሬቻ ይብለጭለጭ፤ ያኔ ባትሪ ቢያልቅ ይለቅ።

ዛሬ ማታ ከማጠቢያ ጣቢያው በር ሳትወጣ ረዳትህ ከኋላ ይቁም። ፍሬን ርገጥ፤ ሁለቱም የፍሬን መብራቶች እንደበሩ ይንገርህ። ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ። ከዚያ ወደ ፊት ይዙርና አጭሩንም ረጅሙንም አይቶ እጁን ያንሳልህ። ደቂቃ አይፈጅም። መዛኙ "ና ውጣ፣ ሌላ መኪና ይገባል" ብሎ ቢያጣድፍህ፣ ባለቤቱም ስልክ ላይ ስልክ ቢደውል፣ "መብራት እያየሁ ነው" በላቸው።