ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ሕመሙ ለምን አልተሻላችሁም?



እዚህ ደብረ ማርቆስ ከከተማውም ከዙሪያው ገጠርም የሚመጡ ታካሚዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ ጨጓራዬ ነው። ኦሜፕራዞሉን ስንት ወር ዋጥኩት፣ ለውጥ ግን የለውም። ጠንከር ያለ እዘዝልኝ።» እኔም ሌላ መድኃኒት ከማዘዜ በፊት የሚከተሉትን አጣራለሁ። እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ።

1. አወሳሰዳችሁ ትክክል ነው?

ኦሜፕራዞል የሚዘጋው ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያመነጩትን ፓምፖች ነው። ፓምፖቹ በደንብ የሚነቁት ደግሞ ምግብ ሲገባ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ምግብ ከመብላታችሁ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይወሰዳል። ከበላችሁ በኋላ ወይም ሲያማችሁ ብቻ አንድ ፍሬ ብትውጡ ጥቅሙ ይቀንሳል።

በጾም ወቅት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ውጣችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ብትበሉ፣ ምግቡ ሲመጣ መድኃኒቱ ከደማችሁ ወጥቷል። 9 ሰዓት ላይ ውጣችሁ 9 ሰዓት ተኩል ብሉ። ሕመሙ ከጠናባችሁ ደግሞ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ።

2. የሕመም ማስታገሻ ትወስዳላችሁ?

ለወገብ፣ ለጉልበት ወይም ለራስ ምታት እየተባለ የሚወሰደው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና አስፕሪን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳል፤ ቁስለትም ያመጣል። «እኔ በመርፌ ነው የምወጋው» የሚሉ አሉ። መርፌውም በደም በኩል ያው ጉዳት ያደርሳል። ለልብ ተብሎ የታዘዘላችሁን አስፕሪን ግን ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ። አረቄና ሲጋራም ቁስለቱ እንዳይድን ያደርጋሉ።

3. ኤች ፓይሎሪ በትክክል ታክሟል?

እ.ኤ.አ. በ1984 ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህ ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያሳምም ለማሳየት ራሱ ጠጥቶት ታመመ። ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ባክቴሪያውን ኦሜፕራዞል ብቻውን አያጠፋውም። ከአንቲባዮቲኮች ጋር ተጣምሮ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ይሰጣል። በአምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል።

ሌላው ነገር፣ ከሕክምና በኋላ በደም ምርመራ «አሁንም ፖዘቲቭ ነው» ብትባሉ አትደንግጡ። የደም ምርመራው የሚያሳየው ፀረ እንግዳ አካልን ስለሆነ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። መዳናችሁን ለማረጋገጥ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይሻላል፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ በሐኪም ምክር ኦሜፕራዞሉን ለ2 ሳምንት አቁማችሁ ነው የሚሠራው።

4. ጨጓራ ባይሆንስ?

• ቅባት የበዛበት ምግብ፣ ለምሳሌ የፋሲካ ዶሮ ወጥ፣ ከበላችሁ በኋላ ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ጠብቆ የሚይዝና ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ሕመም የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ምርመራው አልትራሳውንድ ነው።
• ሆድ መንፋት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ግሳትና የላላ ሰገራ ካለ ጃርዲያን፣ ጥሬ ሥጋ ከተበላ ደግሞ ኮሶን እናስባለን። አንድ የሰገራ ምርመራ «ነጻ ነው» ስላለ ብቻ አይዘጋም፤ መደገም ሊኖርበት ይችላል።
• ዳገት ስትወጡ የሚመጣና ስታርፉ የሚተው፣ ወይም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ «የልብ አፍ» ሕመም እውነትም የልብ ሊሆን ይችላል። እያረፋችሁ ካልለቀቃችሁ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

5. ቀጠሮ የማይሰጣቸው ምልክቶች

• ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ
• እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ (የደም ማነስ የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፤ ከወሰዳችሁ ለሐኪሙ ንገሩ)
• ድንገት የጀመረ ከባድ ሕመም፣ ሆድም እንደ ሳንቃ ሲደርቅ

እነዚህ ሦስቱ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው።

• ሳታስቡት ክብደት መቀነስ
• ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ትንሽ ቀምሶ መጥገብ ወይም ተደጋጋሚ ማስመለስ
• የደም ማነስ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን
• ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ሕመም

ከእነዚህ አንዱ ካለ ሳትቆዩ ተመርመሩ፤ ኢንዶስኮፒ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው የጨጓራ ካንሰርም መጀመሪያ ላይ በኦሜፕራዞል ለጊዜው ሊሻለው ስለሚችል ነው። ሕመሙ ቀለል ሲል «ጨጓራ ነው» ብለን ወራት እንቆያለን፤ በሽታው ግን አይጠብቀንም።

በአግባቡ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ወስዳችሁ ካልተሻላችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ ሌላ ፓኬት አትግዙ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ካርቶኑንም ቢሆን፣ ይዛችሁ ቅረቡ። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናትና አባት ካሏችሁ ደግሞ ይህን አንብቡላቸው፤ «ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?» ብላችሁም ጠይቋቸው። ሳይጠየቁ አይናገሩትም።

ጤናችሁ ይብዛ!