ሥልጣኔና አረመኔነት በአንድ ልብ ውስጥ

ልቦለድ በምሳሌ እንዴት እንደሚያስተምር ለመረዳት እንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመውን «የዝንቦች ጌታ» መመልከት ይበቃል። በጦርነት ጊዜ አውሮፕላናቸው የወደቀባቸው የእንግሊዝ ልጆች ሰው በሌለበት ደሴት ያለ አዋቂ ይቀራሉ።

በመጀመሪያ ሥርዓት ያቆማሉ፤ የባሕር ዛጎል ሲነፋ ይሰበሰባሉ፤ ዛጎሉን የያዘ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ዛጎሉ የሕግ ምሳሌ ነው። እሳት የሚያቀጣጥሉበት የፒጊ መነጽር ደግሞ የማስተዋል ምሳሌ ነው። አደንና ፍርሃት ሲበረቱ ግን መነጽሩ ይሰረቃል፤ ዛጎሉም ፒጊ በተገደለበት ቅጽበት ይደቅቃል።

በተራራው ላይ አይተው «አውሬ» ያሉት በጃንጥላ የወረደ የአንድ ወታደር አስከሬን ነበር። ይህን እውነት ሊነግራቸው የመጣውን ሲሞንን ግን ራሱን አውሬ አድርገው ገደሉት። የመጽሐፉ ርእስም ብዔልዜቡል (2ኛ ነገ. 1፡2) የሚለው ስም ትርጉም ነው።

በመጨረሻ የደረሰላቸው መኮንን ራሱ ከጦር መርከብ የወረደ መሆኑን ልብ እንበል፤ አዋቂዎቹም እርስ በርሳቸው ይተላለቃሉና። እንግዲህ ሥልጣኔ የልብስ ወይም የትውልድ አገር ጉዳይ አይደለም፤ «አረመኔ» የሚለውን ስም ለሌላ ሕዝብ መስጠትም ራስን ማታለል ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቶቻችን «አውሬው ማን ነው?» ከማለት ይልቅ «በልቤ ውስጥ ምን አለ?» ብለው እንዲጠይቁ እንምራቸው። ክፋት ከሰው ልብ እንደሚወጣ ጌታችን አስተምሮናልና (ማር. 7፡21)።