የተቋጠረ የድመት ፀጉር እንዴት ይፈታል?

ጥያቄ፦ ፐርሺያን ድመት ያለቻቸው አንባቢ፣ ከጆሮዋ ኋላና ከብብቷ ሥር ፀጉሯ ተቋጥሮ አልፈታ እንዳላቸው ጽፈዋል። «ልጠባት ወይስ በመቀስ ልቁረጠው?» ይላሉ።

መልስ፦ ሁለቱም ይቅሩ። ውሃ የነካው ቋጠሮ ሲደርቅ ይበልጥ ይጠብቃል፤ እጥበቱ ከተፈታ በኋላ ይደርሳል። መቀሱ ደግሞ የባሰ ነው። የድመት ቆዳ ስስና ላላ ያለ ስለሆነ ቋጠሮው ሲሳብ አብሮ ይነሣል፤ ፀጉር ብቻ የቆረጠ የመሰለው ሰው ስፌት የሚያስፈልገው ቁስል ሊያተርፍ ይችላል።

የሚያዋጣው ትዕግሥት ነው። ድመቷ በልታ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት፣ ቋጠሮው ላይ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ይነሰነስና በጣት ቀስ ተብሎ ይፈልቀቅ። ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ ይምጣ። ቆዳዋ እንዳይሳብ የፀጉሩ ሥር በሁለት ጣት ይያዛል፤ ማበጠሪያው ከጫፍ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ሥር ይጠጋል። ጭራዋን ማወናጨፍ ወይም ጆሮዋን ወደ ኋላ ማጠፍ ከጀመረች የዕለቱ ሥራ አበቃ። (በጉልበት እጨርሳለሁ የሚል ቧጨራውን ይቻል።)

ቆዳው ላይ እንደ ስጋጃ የተለጠፈው ግን የቤት ሥራ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም በማሽን ይላጨዋል፤ ካስፈለገም ማስተኛ መድኃኒት ይሰጣታል።

ዕድሜዋም ይታይ። ያረጀች፣ የወፈረች ወይም መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመት ዞራ ጀርባዋን መላስ ያቅታታል። ራሷን ስታጸዳ ኖራ በድንገት የተወች ከሆነ ከማበጠሪያው በፊት ሐኪም ይያት። ፐርሺያን ግን ጤነኛም ብትሆን በየቀኑ መበጠር አለባት።