አሮጌ የፓወር ፒሲ ኮምፒዩተር በሊኑክስ አልነሣ ሲል
ለነጋዴዎች የሚሆን ትምህርት

በቀድሞው ጊዜ የነጋዴ ሒሳብ በወፍራም መዝገብ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ መደብር በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል። በቢቸና ወይም በሞጣ ገበያ ያለ አንድ ባለሱቅ ከየጥኖራ ገበሬዎች የተረከበውን ጤፍ፥ በዱቤ የሰጠውንና ገና ያልተከፈለውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር መዝግቦ ሳለ፥ አንድ ቀን ጧት መሣሪያው አልነሣም ቢለው፥ የጠፋው ዕቃው ብቻ ሳይሆን የዱቤው ማስረጃ ጭምር ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የጠፋ ነገር የለም። የችግሩን ደረጃ ለይቶ ማወቅ ከከንቱ ወጪ ያድናል።

ፓወር ፒሲ የተባለው የኮምፒዩተር አንጎል አፕል፥ አይቢኤምና ሞቶሮላ እ.ኤ.አ. በ1991 ባደረጉት ስምምነት የተወለደ ነው። አፕል ከ1994 ጀምሮ በማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮቹ ውስጥ አስገባው፤ ጂ3፥ ጂ4 እና ጂ5 የሚባሉትም የዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው። በ2005 ግን ኩባንያው ወደ ኢንቴል እንደሚዛወር አስታወቀ፤ በ2009 የወጣው ማክ ኦኤስ ኤክስ 10.6 ፓወር ፒሲን ጨርሶ አልተቀበለም። ስለዚህ የእነዚህ መሣሪያዎች ባለቤቶች ብዙዎቹ በነፃ ወደሚገኘው ወደ ሊኑክስ ዞሩ። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል በሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ ሲሆን፥ ሥራው ዲስኩን፥ መስኮቱንና ኪቦርዱን ከፕሮግራሞች ጋር ማገናኘት ነው።

ኮምፒዩተር ሲነሣ ሥራው እንደ ቅብብሎሽ ነው። በመጀመሪያ ኦፕን ፈርምዌር የተባለው በመሣሪያው ውስጥ የተቀረጸ ፕሮግራም ይነቃል፤ እርሱም ያቡት ወይም ግሩብ የተባለውን አስነሺ ከዲስኩ ፈልጎ ያገኛል፤ አስነሺው ከርነሉን ይጭናል፤ ከርነሉም ዋናውን የዲስክ ክፍል ከፍቶ የቀረውን ሥርዓት ያስነሣል። ስለዚህ ጠጋኙ መጠየቅ ያለበት «ምን ተበላሸ?» ብሎ ሳይሆን «ቅብብሎሹ የተቋረጠው ከማን እጅ ነው?» ብሎ ነው።

አንደኛ፤ መሣሪያው ሲከፈት የተለመደውን የደወል ድምፅ ካላሰማ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። የኤሌክትሪኩን መስመርና የማስታወሻውን ካርድ መመርመር ይገባል። ከአሜሪካ በመጡ አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ጀርባ የቮልት መምረጫ ስላለ፥ ከአገራችን 220 ቮልት ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጡ መሰካት አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፤ ደወሉ ተሰምቶ በመስኮቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብልጭ ድርግም ቢል፥ ፈርምዌሩ አስነሺውን አላገኘም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መሣሪያውን አጥፍቶ እንደ ገና ሲያበሩ ኮማንድ፥ ኦፕሽን፥ ኦ እና ኤፍ የተባሉትን ቁልፎች አብሮ መያዝ ወደ ኦፕን ፈርምዌር ያስገባል። እዚያም ሪሴት-ኤንቪራም፥ ሴት-ዲፎልትስ፥ ሪሴት-ኦል የሚሉትን ሦስት ትእዛዞች በላቲን ፊደል በየተራ መጻፍ የተዛባውን ማስታወሻ ወደ ጥንቱ ይመልሰዋል። ይህ በዲስኩ ያለውን ሒሳብ አይነካም። ምልክቱ ካልጠፋ ግን የአስነሺው ክፍል ወይም ዲስኩ ራሱ ይመረመራል።

ሦስተኛ፤ አስነሺው ደርሶ ከርነሉ ካልተጫነ፥ በቅርቡ አዲስ ከርነል ተተክቶ እንደሆነ ይጠየቅ። በያቡት መጠየቂያ ላይ ታብ የተባለውን ቁልፍ መጫን ያሉትን ከርነሎች ይዘረዝራል፤ አሮጌውን መርጦ ማስነሣት ፈጣኑ መድኃኒት ነው። ስለዚህም የሠራውን አሮጌ ከርነል መደምሰስ አይገባም። ጂ3 እና ጂ4 የ32 ቢት፥ ጂ5 ደግሞ የ64 ቢት ከርነል እንደሚፈልጉም መታወቅ አለበት፤ ሁለቱን ማቀያየር መሣሪያውን አያስነሣም።

አራተኛ፤ ጽሑፍ ታይቶ ወዲያው መስኮቱ ቢጨልም፥ ብዙ ጊዜ የታወረው ምስል አሳዪው ክፍል እንጂ የቆመው ኮምፒዩተር አይደለም። በአስነሺው መጠየቂያ ላይ «ቪዲዮ=ኦፍኦንሊ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጨምሮ መሞከር ይህን ይለያል።

አምስተኛ፤ ከርነሉ ዋናውን የዲስክ ክፍል መክፈት አልቻልሁም ብሎ ቢቆም፥ አንዱ የተለመደ ምክንያት የስም ለውጥ ነው። በቀድሞዎቹ ከርነሎች ኤችዲኤ ይባል የነበረው ዲስክ በኋለኞቹ ኤስዲኤ ተባለ። ዕቃው ከዚያው መጋዘን ሳለ የበሩ ቁጥር እንደ ተለወጠ ማለት ነው። በአስነሺው ሰነድ የተጻፈውን ስም ማስተካከል ይበቃል።

ስድስተኛ፤ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ መሣሪያ ውስጥ ያለው ትንሽ የ3.6 ቮልት ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። የማኪንቶሽ ሰዓት ቁጥሩን የሚጀምረው ከእ.ኤ.አ. 1904 ስለሆነ፥ ሊኑክስ ዲስኩ «ወደፊት» እንደ ተጻፈ አድርጎ ሊያየውና ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ይህ ጉዳት ቶሎ ይገለጣል። ባትሪውን መለወጥና ቀኑን ማስተካከል ያሻል፤ አለዚያ የደረሰኙም ቀን ይሳሳታል።

ከሁሉ በፊት ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፥ ሊኑክስን እንደ ገና ለመጫን መቸኮል አይገባም፤ ሒሳቡን የሚደመስሰው ብልሽቱ ሳይሆን ይህ ችኮላ ነውና። ዲስኩን አውጥቶ በተስማሚ ማገናኛ ሊኑክስ ካለው ሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማያያዝና ሰነዶቹን መገልበጥ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ፥ የተለወጠውንና በመስኮቱ የታየውን ቃል በወረቀት መመዝገብ ነው። ወረቀቱ በሩቅ ከተማ ላለ ጠጋኝ ከመሣሪያው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

አስመጪዎችም አንድ ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ደቢያን የተባለው ታላቅ የሊኑክስ ማኅበር የ32 ቢቱን ፓወር ፒሲ ከእ.ኤ.አ. 2017 እትሙ ጀምሮ ከዋናው ዝርዝር አውጥቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው የቀጠለው በፈቃደኞች ድካም ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለደብዳቤና ለመደብር ሒሳብ ሊያገለግል ቢችልም፥ በርካሽ ስለ ተገኘ ብቻ በብዛት ገዝቶ መጋዘን መሙላት ብልህነት አይደለም። ሻጩም ዕቃውን ለገዢ ከማስረከቡ አስቀድሞ ከመዘጋት እስከ መነሣት ደጋግሞ ይፈትነው፤ የሠራውንም ከርነል በዲስክ ገልብጦ ለገዢው ይስጠው። እንዲህ ያደረገ ሻጭ ገዢውንም ራሱንም ከክርክር ያድናል።