ውዝዋዜም ይጠናል፦ የኮሪዮግራፈር ጁነይድ ጀማል የሙያ ጉዞ

ስለ ክወና ጥበባት ትምህርት በተነሣ ቁጥር «ውዝዋዜ ከደም ጋር የሚወረስ እንጂ የሚማሩት አይደለም» የሚል አስተያየት ከመካከላችን ይሰነዘራል። እኛ በዚህ አንስማማም።

እርግጥ በኛ በእስቴ ልጅ እስክስታን ከሠርግ ቤት አይቶ ይይዛል። ነገር ግን ኮሪዮግራፈር፣ ማለትም እንቅስቃሴን አስቦ የሚደርስና ለሌሎች የሚያስጠና ባለሙያ፣ እንዲሁ አይበቅልም።

ለዚህ ጁነይድ ጀማልን እንመልከት። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ 100 ያህል ችግረኛ ልጆችን በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ አሠልጥኖ መድረክ ላይ አወጣ። (ኦርፍ ለሕፃናት ባዘጋጀው የሙዚቃ ማስተማሪያ ዘዴም የታወቀ ነውና የኛም ሰው ነው ማለት ይቻላል።) ማልዱም ራሱ ባሌት የጀመረው ከ20 ዓመቱ በኋላ ነው፤ «ጊዜው አልፎብናል» ለምትሉ ይህን ያዙልን። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተሰኘው የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ጁነይድም ለ5 ዓመት ከሠለጠኑት ወጣቶች አንዱ ሆነ።

ታዲያ ምን ተማሩ? የማልዱም የመጀመሪያ ትምህርት ዝም ብሎ መቆም ነው። ይህንኑ ዘዴውን በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ያሳያል፤ በርሊን ላይ 250 ያህል ተማሪዎችን ለስትራቪንስኪ ሙዚቃ ሲያዘጋጅ ከሁሉ በፊት ጸጥታን ይጠይቃል። «ልጆቹን አስጨነቃቸው» የሚሉ መምህራን አልጠፉም። እኛ ግን አክብሮት ነው እንላለን፤ ከልጁ ብዙ የሚጠብቅ መምህር ልጁን አልናቀም።

በ2004 እ.ኤ.አ. ጁነይድ ለሮሌክስ የጥበብ ሥልጠና ተመርጦ፣ ለፓሪስ ኦፔራ ባሌት ሳይቀር ሥራ ከደረሰው ጃፓናዊ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ገባ። ቆየት ብሎም ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን ቡድን መሠረተ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ለንደን፣ ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቀረቡ።

ለኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነው። የአዱኛ ወጣቶች ማስተማርንም አብረው ተምረዋል። እንግሊዛዊው አዳም ቤንጃሚን ባገዘው ሥልጠና አካል ጉዳተኛ ወጣቶች አብረው ደንሰዋል። እኛ ዘንድስ? በክራንች የሚሄደው ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጓደኞቹን ልብስ ጠባቂ ሆኖ ይቀመጣል። እስክስታ እኮ የትከሻ፣ የደረትና የአንገት ነው! ባሌት እግርን ከዳሌ ወደ ውጭ አዙሮ ሰውነትን ወደ ላይ ይስባል፤ የኛ ግን ተቀምጦም ይሠራል።

እስቲ በማስተማር ልምምዳችሁ ይህን ሞክሩ። ክፍሉ በሙሉ በጸጥታ ይቁም። በጭብጨባ እስከ 6 ቁጠሩ፤ በ3ቱ ትከሻ፣ በ2ቱ አንገት፣ በ6ኛው ቀጥ ማለት። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን 6 ቁጥር ይድረስና ለሌላው ያስጠና። በክራንች የሚሄደውም ልጅ ከአስጠኚዎቹ አንዱ ይሁን።