ስለ ፊፎ ቺፕና ስለ ጊዜ አጠባበቁ

በወፍጮ ቤት ቀድሞ የደረሰ እህል ቀድሞ ይፈጫል፤ በመሶብ ግን በመጨረሻ የተደረበው እንጀራ ቀድሞ ይነሣል። ፊፎ የሚባለው የማኅደረ ትውስታ ቺፕ እንደ ወፍጮ ቤቱ ተራ ነው፤ ቀድሞ የገባው መረጃ ቀድሞ ይወጣል። ጥቅሙም ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት መሣሪያዎችን ማገናኘት ነው። በዚህ ጽሑፍ መረጃ እንዳይጠፋ ሊጠበቁ የሚገባቸውን አራት ነገሮች በአጭሩ ላስረዳ እወዳለሁ።

እዚህ የምንመለከተው ፊፎ ሁለት ክሎኮች አሉት፤ አንዱ ለመጻፊያ፥ ሁለተኛው ለማንበቢያ። ሥራው የሚፈጸመው ክሎኩ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ በሚነሣበት ቅጽበት ነው።

1ኛ/ መረጃው ክሎኩ ከመነሣቱ ጥቂት አስቀድሞ መድረስ፥ ከተነሣም በኋላ ጥቂት ሳይለወጥ መቆየት አለበት። የፊተኛው ሴትአፕ ጊዜ፥ የኋለኛው ሆልድ ጊዜ ይባላል። ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ቢንቀሳቀስ መልኩ እንደሚደበዝዝ፥ ይህ ካልተጠበቀ የተጻፈው አይታመንም።

2ኛ/ በንባብ ጊዜ ሒሳቡን መደመር ያስፈልጋል። ክሎኩ 100 ሜጋኸርዝ ቢሆን አንዱ ዙር 10 ናኖሰከንድ ነው። መረጃው ከቺፑ ለመውጣት 6፥ በመስመሩ ለመጓዝ 1፥ ለተቀባዩ ሴትአፕ 2 ናኖሰከንድ ቢፈጅ ድምሩ 9 ነው፤ የሚተርፈው 1 ብቻ ነው። ክሎኩን ወደ 125 ሜጋኸርዝ ብናሳድገው ዙሩ 8 ናኖሰከንድ ስለሚሆን ጊዜው አይበቃም።

3ኛ/ ቺፑ «ባዶ ነኝ»፥ «ሞልቻለሁ» የሚልባቸው ምልክቶች አሉት። ሁለቱ ክሎኮች የማይተዋወቁ ስለ ሆኑ የአንዱ ዜና ለሌላው ሲደርስ ምልክቱ 0 ወይም 1 ሳይሆን ለጥቂት ጊዜ ሊዋልል ይችላል፤ ይህም ሜታስታቢሊቲ ይባላል። ስለዚህ ዜናውን በሁለት ፍሊፕፍሎፕ ያሳልፉታል። ቆጣሪውንም በግሬይ ኮድ ያደርጉታል፤ ይኸውም የቤል ላቦራቶሪው ፍራንክ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1953 ፓተንት ያገኘበት ነው። በተራው የሁለትዮሽ አቈጣጠር ከ7 ወደ 8 ሲታለፍ 0111 ወደ 1000 ስለሚለወጥ አራቱም ቢቶች በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ፤ በግሬይ ኮድ ግን 0100 ወደ 1100 ይሆናል፤ አንድ ቢት ብቻ ይለወጣል። በዚህ መንገድ ምልክቱ ጥቂት ዙሮች ይዘገያል፤ ነገር ግን መዘግየቱ ወደ ደኅናው ወገን ነው። መረጃ ገብቶ ሳለ «ባዶ ነኝ» ቢል አንባቢው ጥቂት ይጠብቃል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም።

4ኛ/ የቺፑ ጥልቀት ይመጠን። ጸሐፊው በ100 ሜጋኸርዝ 1000 ቃላት ያለ ዕረፍት ቢልክ 10 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። አንባቢው በ60 ሜጋኸርዝ በዚያ ጊዜ 600 ያነሣል፤ 400 ይቀራሉ። ስለዚህ 512 ቃላት የሚይዝ ቺፕ ይበቃል፤ ትርፉም ለምልክቱ መዘግየት ይሆናል። ጸሐፊው ከቶ የማያርፍ ከሆነ ግን ቺፑ ምንም ቢተልቅ መሙላቱ አይቀርም።

ከሞላ በኋላ የተላከ ቃል አይመዘገብም፤ ላኪው ቅጂ ካልያዘም መልሶ አይገኝም። እንዲህ ያለው ጥፋት አልፎ አልፎ ስለሚደርስ በሙከራ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ሽቦ ከመቀጠላችን በፊት በእርሳስና በወረቀት እናስላ፤ የሚያስፈልገው ሒሳብ መደመር፥ መቀነስ፥ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነውና።